ዋጋው በላዩ የተጻፈ ነገር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ወልድያ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ዋጋ ንረት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ይህ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ጉዳይ እንጂ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር። ኋላ ነገሩን ሳወጣና ሳወርደው ግን ሙያችን ከሁሉ አስቀድሞ የመለኪያ ሙያ መሆኑን አሰብሁ። ሜትሩ በየወሩ የሚያጥር፣ ኪሎው በየወሩ የሚቀል ቢሆን ኖሮ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጮኸው መሐንዲሱ ነበር። ብርም መለኪያ ነው። በየሥራ ዝርዝራችን የመጨረሻ ዓምድ ላይ የምንደምረው እርሱን አይደለምን?

ነገሬን ከአንዲት ትንሽ ወረቀት እጀምራለሁ። አባቴ ዕድሜያቸውን በሐብሩ ወረዳ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መርሳ በሚገኘው ቤታችን፣ ከአልጋቸው ሥር ባለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በወጣትነታቸው የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ከነፖስታቸው ተቀምጠዋል። በፖስታዎቹ ጥግ የተለጠፉት ቴምብሮች በሳንቲም የተቈጠሩ ናቸው፤ ባለ 10፣ ባለ 25፣ ባለ 50። ባለፈው ክረምት የስድስት ዓመት ልጄ አንዱን ፖስታ አንሥታ «አባዬ፣ ሳንቲም ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ላሳያት ኪሴን ብዳብስ አንድም አላገኘሁም። ከጎረቤት ሱቅ ጠየቅሁ፤ እዚያም የለም። ባለሱቁ ለዝርዝር መልስ ከረሜላ መስጠት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሳንቲም በሕግ የተሻረበት ቀን የለም፤ የሚገዛው ነገር ሲያጣ ግን ራሱ ከገበያ ወጣ።

ቴምብር ከሌላ ሸቀጥ የሚለየው ዋጋው አስቀድሞ በፊቱ ላይ የታተመ በመሆኑ ነው። ሽንኩርት ሻጯ ጠዋት የተናገረችውን ዋጋ ማታ ልትለውጥ ትችላለች። ቴምብር ግን ማተሚያ ቤት ሳለ የተሰጠውን ቁጥር ይዞ ይኖራል። ስለዚህም ገንዘብ ሲታመም ሕመሙ ቶሎ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ቴምብር ነው።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ የጀርመን አገር ታሪክ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዚያ አገር አንድ ተራ ደብዳቤ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው በ10 ፕፌኒክ፣ ማለትም በማርክ አንድ ዐሥረኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ይኸው ደብዳቤ 50 ማርክ ሆነ፤ በኦገስት መጀመሪያ 1,000፤ በኦክቶበር መጀመሪያ 2 ሚሊዮን፤ በኖቬምበር መጀመሪያ 100 ሚሊዮን፤ በዲሴምበር መጀመሪያ 100 ቢሊዮን ማርክ። ማተሚያ ቤቱ ከታሪፉ ጋር እኩል መሮጥ ስላልቻለ አሮጌዎቹን ቴምብሮች እያወጣ አዲስ ቁጥር በላያቸው ይመታ ጀመር፤ የ200 ማርኩ ቴምብር «2 ሚሊዮን» ተብሎ ታተመበት። ፖስታው ፊት ለፊቱ አልበቃ ሲል ጀርባው በቴምብር ተሸፈነ። ከታተሙት ሁሉ ትልቁ ባለ 50 ቢሊዮን ማርክ ነበር፤ እርሱም ቢሆን በዲሴምበር አንድ ደብዳቤ ለመላክ ሁለት ያስፈልግ ነበር። በኖቬምበር የመጨረሻ ቀናትማ ፖስታ ቤቱ በቴምብሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ በአራት እጥፍ እንዲቈጠር አዘዘ። በመለኪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት እንዳልሆነ መሥሪያ ቤቱ ራሱ አመነ ማለት ነው። ከዚያም አንድ ትሪሊዮን አሮጌ ማርክ በአንድ አዲስ ሬንተንማርክ ተለወጠና፣ 100 ቢሊዮን የነበረው ደብዳቤ 10 ሬንተንፕፌኒክ ሆነ። ቁጥሩ ከጦርነቱ በፊት ወደነበረበት ወደ ዐሥር ተመለሰ፤ በመካከሉ ገንዘቡን በባንክ አስቀምጦ የነበረው ጡረተኛ ግን አልተመለሰም።

የሃንጋሪ ታሪክ ከዚህም ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1946 ጁላይ ዋጋ በየ15 ሰዓቱ ገደማ እጥፍ ይሆን ነበር። ሆኖም የዚያ አገር ፖስታ ቤት ያደረገው ነገር እንደ መሐንዲስ አስደንቆኛል። ቁጥር እየደራረበ መሄዱን ትቶ በአሮጌዎቹ ቴምብሮች ላይ የአገልግሎቱን ዓይነት አተመባቸው፤ ይህ ለከተማ ውስጥ ደብዳቤ፣ ይህ ለሩቅ ደብዳቤ፣ ይህ ለኅትመት ውጤት እያለ። የገዛው ሰው የያዘው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ደብዳቤ የመላክ መብት ሆነ። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1989፣ አሜሪካም በ2007 ያለ ምንም ጭንቅ ጊዜ ይህንኑ ሐሳብ በሥራ ላይ አውለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባኛል። የእኛ አገር ሁኔታ ጀርመን ወይም ሃንጋሪ ያየችው ዓይነት አይደለም፤ ነው እያሉ ሕዝብን ማስፈራራትም ተገቢ አይደለም። ፊሊፕ ኬገን የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ የዚያ ዓይነት ንረት የሚባለው ዋጋ በአንድ ወር 50 በመቶ ሲጨምር ነው፤ ይህም በዓመት ወደ 130 እጥፍ ይደርሳል። በእኛ አገር በ2000 ዓ.ም. ክረምት ዓመታዊው ጭማሪ ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ30 በመቶ አልፏል። ይህ ቀስ ብሎ የሚበላ ምስጥ እንጂ ቤት የሚያቃጥል እሳት አይደለም። ነገር ግን በዓመት 30 በመቶ ማለት ዋጋ በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። እሳት ሲነሣ ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ ይወጣል፤ ምስጥን ግን ምሰሶው እስኪወድቅ ድረስ የሚያየው የለም።

በራሳችን ቴምብሮች ላይም ተደራቢ ማኅተም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን የፖስታ ሥራ ሲቋቋም ፓሪስ ላይ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ዋጋ ነበራቸው፤ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ አንበሳ የያዙ ናቸው። በ1897 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሳንቲም ቁጥር ተመታባቸው፤ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል በሆነችበት በ1901 ዓ.ም. ደግሞ በፒያስተር። በ1928 ዓ.ም. ብሩ በመቶ ሲከፈል እንደገና ሌላ ቁጥር ታተመ። በወረራው ዘመን ሊሬ መጣ፤ ሕዝቡ ግን ማርትሬዛውን እየሸሸገ ቆየ፤ ብር የሚቀልጥ እንጂ የሚታተም ነገር አይደለምና። እነዚህ ሁሉ የመለኪያ ስም ለውጦች ናቸው፤ ሜትርን ትቶ በክንድ እንደ መለካት ያለ። ዛሬ የያዝነው ግን ስሙ ሳይለወጥ ርዝመቱ የሚለወጥ ክንድ ነው። ከዶላር ጋር ሲመዛዘን ለሃያ ዓመት ያህል በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ቆሞ የነበረው ብር በመስከረም 1985 ዓ.ም. 5 ሆነ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ።

ለሙያችን ወደሚቀርበው ቴምብር ልምጣ፤ ማለትም ወደ ቴምብር ቀረጥ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ለአንድ ተራ ውል 5 ብር ቀረጥ ሲወስን፣ ለንብረት ባለቤትነት ሰነድ ደግሞ ከዋጋው 2 በመቶ ወሰነ። በአንድ ሰንጠረዥ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ የተጻፉ ሁለት መስመሮች ናቸው። በመቶኛ የተጻፈው ከገበያው ጋር እያደገ ሄደ። በብር የተጻፈው 5 ግን ውሎ አድሮ ቴምብሩን ለመግዛት የሚያስኬደውን የባጃጅ ዋጋ እንኳ የማያክል ሆነ። የሕጉን ጠቢብነት ለመመርመር አልተነሣሁም፤ ቁጥር ሲጻፍ እንዴት እንደሚጻፍ ለማሳየት ያህል ነው።

በየቤታችንም እንዲሁ ነው። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 10,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ አለ እንበል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት 120,000 ብር ወሰደ። የመጨረሻው ሰውም በቁጥር ያንኑ ያህል ይወስዳል፤ ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ሲጨምር ግን የሚገዛለት በመጀመሪያው ወር 94,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላጭበረበረም፤ 26,000 ብር ግን ጠፍቷል። የአባቴ ጡረታም አልፎ አልፎ ይሻሻላል፤ በሁለት ማሻሻያ መካከል ያሉትን ዓመታት የሚከፍሉት ግን እርሳቸው ናቸው።

ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ ዓይነት ውድነትም አይተናል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነቱ በተያዙባቸው ወራት ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ዋጋ የጨመረው ገንዘብ ስለ በዛ አልነበረም፤ ገንዘብም እህልም ስለ ጠፋ ነው። እናቴ የጨርቅ መቀነቷን ሰጥታ ማሽላ ያመጣችው በዚያ ወቅት ነው። በጠረጴዛዬ ውስጥ የቀረው የባንክ ደብተሬ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ግን ለምንም አልጠቀመኝም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት እመጣለሁ። ከጦርነቱ በፊት በሐብሩ ወረዳ በአንድ ቀበሌ ለሚሠራ የአራት ክፍል ትምህርት ቤት የዋጋ ግምቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እንደተለመደው 10 በመቶ መጠባበቂያ ያዝሁ። ጊዜው አጭር ነው ተብሎም በውሉ ላይ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አልገባም፤ እኔም ፈርሜ አሳለፍሁ። ወደ ኋላ ሳሰላው፣ በዓመት 30 በመቶ በሆነ ጭማሪ 10 በመቶ መጠባበቂያ ከአራት ወር ከግማሽ በፊት ያልቃል። ሥራው በጦርነቱ ተቋርጦ ሥራ ተቋራጩ ሲመለስ ሲሚንቶውም ፌሮውም ውሉ ሲፈረም ከነበሩበት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነው ጠበቁት። ጥቂት ወራት ከታገለ በኋላ ትቶት ሄደ። ግድግዳው እስከ መስኮቱ ደፍ ደርሶ ቆመ፤ ልጆቹ ሁለት ክረምት በዳስ ተማሩ። ሰውየውን ከሃዲ ብለው የሚጠሩት አሉ። እኔ ግን የጻፍሁለትን ቁጥር አውቃለሁና እንዲያ ልለው አልቻልሁም። የግምት ሰነድ ስናዘጋጅ ዋጋው የማን ቀን ዋጋ እንደሆነ መጻፍ፣ ሲሚንቶውንና ብረቱን በመጠን ለይቶ ከገበያ ጋር የሚሄድ ቀመር ማስገባት ለእኛ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ከሦስት መስመር አይበልጥም። ያኔ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ክፍሎቹ ቆርቆሮ ለብሰው ነበር።

መርሳ ላይ በሰፈራችን ቅሬ ያየሁትን ነግሬያችሁ ላብቃ። ክርስቲያኑም እስላሙም አብረው ያሉበት ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ በደብተሩ ላይ የተጻፈው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ አንድ ኀዘን ላይ ያ ገንዘብ የሦስት ቀን እንጀራ እንኳ አልሸፈነም። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ያደረጉት ክፍያውን ከፍ ማድረግ አልነበረም። ከብሩ ላይ መስመር አሠመሩና «ከየቤቱ ሁለት ጣሳ እህልና አንድ እስር እንጨት፣ ለሰባት ቀን» ብለው ጻፉ። ስለ ሃንጋሪ ፖስታ ቤት ከመካከላቸው የሰማ ያለ አይመስለኝም።

የእኛ ማኅበር ደንብ ደግሞ አባል ሲሞት ለቤተሰቡ 10,000 ብር ይከፈላል ይላል። ይህ ከተጻፈ ዐሥር ዓመት አልፏል። በዓመት 20 በመቶ ብቻ ብንቈጥር እንኳ ያ ገንዘብ ዛሬ የሚገዛው ያኔ በ1,600 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ባለፈው ዓመት ይህ ክፍያ ለደረሳቸው ለአንዲት የባልደረባችን ባለቤት ፖስታውን ያደረስሁት እኔ ነበርሁ፤ እርሳቸውም አመስግነው ተቀበሉኝ። ክፍያው በብር ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በአንድ ጀማሪ መሐንዲስ የሦስት ወር ደመወዝ ልክ እንዲሆን የሚጠይቀው የማሻሻያ ረቂቅ፣ ስትገቡ በር ላይ ከተሰጣችሁ ወረቀቶች መካከል ሁለተኛው ነው። ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው።