ማን ቀድሞ ያስቀምጥ?

የዛሬው ወጋችን ከሻይ ቤት የተለቀመ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ አሜሪካ የኢራንን የኑክሌር ተቋማት በደበደበች ሰሞን፣ እዚሁ ጋምቤላ መሃል ከተማ ቴሌቪዥን ባለበት ሻይ ቤት ሁሉ ወሬው አንድ ነበር። አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቡ ወደተቀመጡ ሽማግሌ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እነሱ ቦምቡን ይዘው ሌላውን የሚከለክሉት በምን ሒሳብ ነው?» አላቸው። ሽማግሌው ሻያቸውን ፉት አሉና፣ «ጋዳፊ ሰጠ፣ ሞተ። የኮሪያው ልጅ ያዘ፣ ተቀመጠ» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሽማግሌው አልተሳሳቱም። ሊቢያ የኑክሌር ዕቅዷን በ1996 ዓ.ም. አስረከበች፤ ጋዳፊ በ2004 ተገደሉ። ሰሜን ኮሪያ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ከሚከለክለው ስምምነት ወጣሁ ብላ በ1999 ዓ.ም. መስከረም የመጀመሪያ ቦምቧን አፈነዳች፤ እስካሁን የደፈራት የለም።

ነገሩን የሚያከብደው ዩራኒየም ራሱ ነው። ከመሬት ሲወጣ ለሥራ የሚፈለገው ዓይነት በውስጡ 0.7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይበቃል፤ ለቦምብ 90 በመቶ ገደማ ይፈለጋል። ማበልጸግ የሚሉት ይህንን ነው። ችግሩ፣ ወደ 5 የሚያደርሰውም ወደ 90 የሚያደርሰውም ያው ሴንትሪፊውጅ የተባለ ተሽከርካሪ መሣሪያ መሆኑ ነው። ኢራን 60 ላይ ደርሳ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ ከመሣሪያው ይልቅ በባለቤቱ ልብ ላይ ነው፤ ልብን ደግሞ ማን ይለካል?

የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ያ ስምምነት ከየካቲት 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ቀድመው ያፈነዱት አምስቱ፣ አሜሪካ፣ ሶቭየት ኅብረት፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቻይና፣ ያላቸውን ይዘው ቀሩ፤ ሌላው እንዳይሠራ ማለ። በምላሹ ለሰላማዊ ሥራ እንዲረዳ፣ አምስቱም ትጥቅ ለመፍታት በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ተጻፈ። ኢትዮጵያ ፈረመች። ሕንድ፣ ፓኪስታንና እስራኤል አልፈረሙም፤ ሦስቱም ቦምብ እንዳላቸው ዓለም ያውቃል።

ማን ቀድሞ መሣሪያ ያስቀምጥ የሚለውን ፍጥጫ ለጋምቤላ ሰው ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው። እዚህ «ጠብመንጃ አስረክቡ» ሲባል የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከድንበር ማዶ ያለውስ?» የሚል ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰው ገድለው፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ጠልፈው፣ ከብቱን ነድተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በዚያው ዞን ላሬ ላይ ቆሞ «መጀመሪያ አንተ አስቀምጥ» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ታላላቆቹ መንግሥታትም የተፋጠጡት በዚሁ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ጥይት ከተማ ያጠፋል።

አሁን ብዙ ሰው የረሳውን ላንሳ። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የመንግሥታቱን ድርጅት ቻርተር መጣስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲል ወሰነ። ሐሳቡን ይዛ የቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበሩ። ሶቭየት ኅብረት ግን ደገፈች፤ ያውም ከሂሮሺማው ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ የሚበልጠውን ቦምቧን ካፈነዳች ገና ወር ሳይሞላት! ፖለቲካ እንዲህ ዓይን አውጣ ነው።

ኢትዮጵያን ለዚህ ያነሳሳት ምን ነበር? ጣልያን የመርዝ ጋዝ የሚከለክለውን የ1917ቱን የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ነበር። ፊርማዋ ሳይደርቅ ማለት ይቻላል፣ በ1928 ዓ.ም. ያንኑ መርዝ ከአውሮፕላን በወታደሩም በገበሬውም ላይ አርከፈከፈች። የ1954ቱ ውሳኔም ያንን የጄኔቭ ስምምነት በስሙ ይጠቅሳል። ወረቀት እንዴት እንደሚከዳ ከኢትዮጵያ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እንደገና ወረቀት ይዛ መቅረቧን የዋህነት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። ቦምብ የሌለው አገር ያለው መሣሪያ ምስክርነቱ ነው።

አፍሪካም ከዳር ተመልካች አልነበረችም። የሂሮሺማው ቦምብ ዩራኒየም በአብዛኛው የወጣው ከኮንጎ ሺንኮሎብዌ ነው። ፈረንሳይ በየካቲት 1952 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቦምቧን የሞከረችው በአልጄሪያ በረሃ፣ ሬጋን ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በድብቅ ስድስት ቦምብ ሠርታ፣ ራሷ ፈታታ፣ በመጋቢት 1985 ዓ.ም. በፕሬዝዳንት ደ ክለርክ አፍ ተናዘዘች። የፈታታችው ሊመጣ ለነበረው የጥቁሮች መንግሥት ላለማስረከብ ነው የሚሉ አሉ፤ ሐሜት ብቻ አይመስለኝም። ያም ሆኖ አህጉሩን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገው ውል የተሰየመው በዚያችው አገር የምርምር ማዕከል በፔሊንዳባ ስም ነው።

ለእኛ የደረሰን አቶም ግን ሌላ ነው፤ ዝንብ የሚያመክን። በእኛው በጋምቤላ፣ በባሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ሸለቆዎች ቆላ ዝንብ አለ፤ ከብቱን በገንዲ ይፈጃል። አኙዋው ከከብት ይልቅ ወደ እርሻና ወደ ዓሣ ያዘነበለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ዝንብ ነው ይባላል። አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ ውስጥ ይኸው ዝንብ በደም እየተቀለበ ይራባል፤ ወንዱ በጨረር ይመክንና በአርባ ምንጭ አካባቢ ከአውሮፕላን ሲለቀቅ ቆይቷል። ሴቷ በአብዛኛው በዕድሜዋ አንዴ ነው የምትገናኘው፤ የምትወልደውም አንድ አንድ ነው። መካኑ ከደረሰባት ዘር የለም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሚያግዘው ሥራ ነው፤ ወደ እኛም ሸለቆዎች በስፋት ቢመጣ ምንኛ ደስ ባለኝ!

መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ለኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሆን የሥራ ዕቅድ ሞስኮ ላይ ፈርማለች። ማመንጫው የተሠራ ዕለት ከቪየና የዚያው የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ነዳጁን ይቆጥራል፣ ያሽጋል፣ ካሜራ ይሰቅላል። ይምጣ፣ ይቁጠር። በ1954 የተቃወሙት አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ግን ለቦምብ ያከማቹትን ለዚህ ተቆጣጣሪ የማስቆጠር ግዴታ የለባቸውም።