የሄራት ልጃገረዶችና የመኪናው ሞተር



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ አባት ጠጋ ብለው አማከሩን። ጋራዥ ያላቸው፣ እጃቸው ከግራሶ የማይጠራ ሰው ናቸው። ልጃቸው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነች። በምትማርበት ትምህርት ቤት ሮቦት የሚሠራ የተማሪዎች ቡድን ተቋቁሞ እርሷም ልትገባ ፈልጋለች። «ኡስታዝ፣ አሻንጉሊት ስትገጣጥም ውላ ምን ልታተርፍ ነው? ደግሞም ከትምህርት በኋላ ማምሸቱ አለ፤ ሴት ልጅ ነች» አሉን። ያን ዕለት ለእርሳቸው ያወጋናቸውን ዛሬ ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

ታሪኩ የአፍጋኒስታን ነው፤ ከተማዋም ሄራት። እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚህች ከተማ ስድስት ተማሪ ልጃገረዶች አገራቸውን ወክለው በዋሽንግተን በሚካሄድ ዓለም አቀፍ የሮቦት ውድድር ለመሳተፍ ተዘጋጁ። ቡድኑን ያሰባሰበችው ሮያ ማህቡብ የተባለች የዚያው አገር ሴት ነች፤ በኮምፒውተር ሥራ የታወቀች ናት። በዚያ ውድድር ከ150 በላይ አገሮች ወጣቶቻቸውን ልከዋል።

ውድድሩ ስለ ምን እንደ ነበር እንንገራችሁ፤ ስለ ውኃ ነበር። ሰማያዊ ኳሶች ንጹሕ ውኃን፣ ብርቱካንማዎቹ ደግሞ ብክለትን ይወክላሉ። ሮቦቱ እየዞረ ይሰበስባል፣ ይለያል፣ በየቦታው ያደርሳል። ለሁሉም አገር የሚላከው ዕቃ አንድ ዓይነት ነው፤ ሞተሩ፣ ጎማው፣ ብረቱና መቆጣጠሪያው። ልዩነቱ የሚመጣው ከገጣጣሚዎቹ ጭንቅላት ነው። አንዷ ብረቱን ስትሠራ፣ አንዷ ለመቆጣጠሪያው ትእዛዝ ትጽፋለች፤ ሌላዋ ደግሞ በሜዳ ላይ ትነዳዋለች። ነጂዋ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ብሎኑን ያጠበቀችው ጓደኛዋ ከተዘናጋች ሮቦቱ መሐል ሜዳ ላይ ይቆማል። በዚያ ላይ አንድ አገር ለብቻው አይጫወትም፤ ሦስት ሦስት አገሮች በአንድ ወገን ይሰለፋሉ። ስለዚህ ቋንቋውን ከማታውቀው እንግዳ ጋር ተቀምጦ «አንተ ይህን ያዝ፣ እኛ ያንን እንይዛለን» ብሎ መስማማት ግድ ነው። እኛን ከሁሉ ይበልጥ የማረከን ይኸኛው ነው።

የሄራቶቹ ልጆች ግን ሜዳው ላይ ከመድረሳቸው በፊት ብዙ ፈተና ጠብቋቸዋል። የተላከላቸው ዕቃ በጉምሩክ ተያዘ። (ይህን ስትሰሙ ፈገግ የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን።) ሌሎቹ ለወራት ሲለማመዱ እነርሱ የቀራቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። ለቪዛ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ካቡል ሄዱ፤ ተከለከሉ። እንደገና ሄዱ፤ አሁንም ተከለከሉ። ሮቦቷ ብቻዋን ልትሄድ ነው ተባለ። ጉዳዩ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ከተሰማ በኋላ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጣልቃ ገብተው፣ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ከዚያም ስለ ጽናታቸው የብር ሜዳሊያ አግኝተው ተመለሱ።

ደስታው ግን አልቆየም። በነሐሴ 1 ቀን 2017 በሄራት በአንድ መስጂድ ውስጥ ለሰላት የቆሙ ሰዎች ላይ ጥቃት ተፈጽሞ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ የቡድኑ መሪ የነበረችው ልጅ አባት ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። ልጅቷ ከዚህ በኋላ ሥራዋን ብትተው ማን ይወቅሳት ነበር? አልተወችም። በዚያው ዓመት ቡድኑ ወደ ኢስቶኒያ ተጉዞ በሌላ ውድድር አሸነፈ።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሄራት ከአፍጋኒስታን ሁሉ ቀድማ ተመታች፤ ከጎረቤት ኢራን የሚመለሰው ሕዝብ ብዙ ነበርና። መተንፈሻ መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነው፤ አንዱ በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣል። ልጆቹ በአሜሪካ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ለማንም ክፍት ያደረጉትን ንድፍ ወሰዱ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሐኪም በእጁ እየጨመቀ ለበሽተኛው አየር የሚገፋበትን ከረጢት በእጅ ፈንታ ማሽን እንዲጨምቀው ማድረግ። ዕቃውን ከየት ያምጡት? ከአሮጌ ቶዮታ ኮሮላ፤ ሰንሰለቱን ደግሞ ከሞተር ሳይክል። የመስታወት መጥረጊያ ሞተር ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ጉልበቱ ግን ብርቱ ነው፤ በመኪና ባትሪም ይሠራል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ ሠርተው ለሕዝብ አሳዩት። ወጪው ከ1,000 ዶላር በታች ነበር። ዋናው መሣሪያ እስኪገኝ ለአጣዳፊ ጊዜ የሚያገለግል ነው፤ ከዚያ በላይ ነው አላሉም።

እኛ ብዙ ጊዜ ስለ አል-ጀዘሪ በኩራት እናወራለን። በ1206 በዲያርበክር በጻፈው ኪታብ፣ ንጉሡ አገልጋይ በእጃቸው ላይ ውኃ እንዲያፈስስላቸው ስላልወደዱ፣ ለውዱእ ውኃ በራሱ የሚቀዳ መሣሪያ እንደ ሠራላቸው ይተርካል። ማውራቱ መልካም ነው። ግን አል-ጀዘሪም ቢሆን ያን ሁሉ ያደረገው እጁን በእንጨትና በመዳብ አቆሽሾ ነው፤ የዛሬው ልጃችን ብሎን ሲፈታ ስናይ «ቤቱን አታቆሽሽ» የምንል እኛው ነን።

ከ2021 ነሐሴ ወዲህ መንግሥት ሲለወጥ የቡድኑ አባላት ከፊሎቹ ወደ ኳታር፣ ከፊሎቹ ወደ ሜክሲኮ ተሰደዱ። በአገራቸው ለሴት ልጆች ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያለው ትምህርት ቤት ተዘጋ። ይህን በዲን ስም የሚያደርጉ ሰዎች ሄራትን ዞር ብለው ቢያዩ እንወዳለን። በ15ኛው መቶ ዘመን በዚያች ከተማ ታላቅ መስጂድና መድረሳ ያሠራችው ጎህርሻድ የምትባል ንግሥት ነበረች። እኛም በተማርነው ኪታብ ሁሉ ሴትን ከዕውቀት የሚከለክል አላገኘንም።

ወደ አባታችን እንመለስ። አንገታቸውን ደፍተው ሲያዳምጡን ቆዩና፣ ስለ ውድድሩም ስለ ሜዳሊያውም ሳይሆን፣ «የኮሮላ መጥረጊያ ሞተር ነው ያሉኝ?» ብለው ጠየቁን። አዎን አልናቸው። «እኔ ጋ መደርደሪያ ላይ ሦስት አለ» አሉን። ስለ ማምሸቱም ተነጋገርን፤ ታላቅ ወንድሟ ሄዶ እንዲያመጣት ተስማሙ። በሳምንቱ ልጅቷን በመንገድ ስናገኛት በፌስታል የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ነበር።