የክሮሞሶም ጫፍ እንዴት ይቋጫል?



ነጠላ ዘርፉ ካልተቋጨ ውሎ አድሮ መተርተሩ አይቀርም። ልንናገርበት የተነሣነው ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአብዛኞቹ ሕዋሶቻችን ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች ይገኛሉ፤ ጫፎቻቸውም ቴሎሜር በሚባል ነገር የተቋጩ ናቸው።

በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኸርማን ሙለር በዝንብ፣ ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ሲመራመሩ፣ የተሰበረ ክሮሞሶም ከሌላ ስባሪ ጋር ሲጣበቅ ጤነኛው ጫፍ ግን እንደማይጣበቅ ተገነዘቡ። ሕዋስ ስባሪ ሲያገኝ ይቀጥላልና፣ ሼልተሪን የተባሉት ፕሮቲኖች ጫፉን ሸፍነው ስባሪ እንዳይመስል ያደርጋሉ።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚገለብጠው ኤንዛይም መነሻ ቁራጭ ካላገኘ ሥራ አይጀምርም፤ ያ ቁራጭ ሲነሣ የክሩ ጫፍ ሳይገለበጥ ይቀራል። ስለዚህ ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር ክሩ ያጥራል። ሄይፍሊክና ሙርሄድ በ1961 የሰው ሕዋስ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ 50 ጊዜ ያህል ተከፍሎ እንደሚያቆም አሳዩ፤ ምክንያቱ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው።

ታዲያ ዘር እንዴት እስከ ዛሬ ቀጠለ? መልሱ የተገኘው ከኩሬ ውሃ ነው። ቴትራሂመና የምትባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ጥቃቅን ክሮሞሶሞችዋ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ጫፍ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ጎተራ የለም። ኤልዛቤት ብላክበርንና ጆሴፍ ጎል በ1978 በዚያ ጫፍ ላይ ስድስት ፊደላት እየተደጋገሙ እንደሚገኙ ገለጡ። በ1984 በፈረንጆች ገና ዕለት ደግሞ የብላክበርን ተማሪ ካሮል ግራይደር ጫፉን የሚያስረዝመውን ኤንዛይም የመጀመሪያ ምልክት አየች። ተማሪ ነበረች፤ ይህን ልብ በሉልን! ቴሎሜሬስ የተባለው ይህ ኤንዛይም፣ የሚገለብጠውን ቅጂ በራሱ አር.ኤን.ኤ. ውስጥ ይዞ እንደሚዞር ጸሐፊ ነው።

በዘር ሕዋሶች ይሠራል፤ በአብዛኛው የአካል ሕዋስ ግን ተዘግቷል። ከፍተነው ዕድሜ እናስረዝም የሚሉ፣ በዚህም ስም እንክብል የሚሸጡ አልጠፉም። እኛ ግን አንቸኩልም። ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆነው ካንሰር ያለ ገደብ የሚከፈለው ይህንኑ ኤንዛይም ቀስቅሶ ነው። በአንጻሩ ቴሎሜራቸው በውርስ ያጠረባቸው ሰዎች መቅኒያቸው ደም መሥራት ያቅተዋል። አንዱ ታማሚ የሚሻው ለሌላው ጠላቱ ነው። በ2024 አሜሪካ ኢሜቴልስታት የተባለውን የቴሎሜሬስ ማገጃ መድኃኒት ለአንድ ዓይነት የመቅኒ በሽታ ፈቅዳለች።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁን።