እኩል ነጥብ ሲመጣ ማን ይብለጥ?

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቀ ሣጥን የመፈለግ ጨዋታ ነው። የተጀመረው በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ቡድኖችን ብናወዳድር ነጥቡን እንዴት ትሰጪያለሽ?

አቅራቢ 2፦ ሣጥኑ ሁሉ እኩል ነጥብ ከያዘ ሰዉ አስፋልት ዳር ያለውን ብቻ ይለቅማል። በጨዋታው ልማድ የፍለጋውም የመንገዱም ክብደት ለየብቻ ከ1 እስከ 5 ይመዘናል፤ ሁለቱን መደመር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በጠበሉ ዙሪያ ግን አንድም ሣጥን አይቀመጥ።

አቅራቢ 1፦ እኩል ቢሆኑስ? ቀድሞ የደረሰው ያሸንፍ?

አቅራቢ 2፦ በፍጹም! ቁልቁለቱን በሩጫ ሲወርዱ ሰው ይጎዳል። ጥቅጥቅ ባለው ባሕር ዛፍ ሥርም ጂፒኤስ ይስታል፤ ፍጥነት የዕድል ጉዳይ ይሆናል።

አቅራቢ 1፦ ከሯጮቻችን እንማር። በ2015 እ.ኤ.አ. ቻይና፣ ጉያንግ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአዋቂ ወንዶች ኢትዮጵያና ኬንያ እኩል 20 ነጥብ አገኙ። 1ኛና 2ኛ የወጡት ኬንያውያን ነበሩ፤ የቡድኑ ወርቅ ግን የእኛ ሆነ። የመጨረሻው፣ ማለትም አራተኛው፣ ነጥብ አስቆጣሪ ሯጫችን የእነሱን አራተኛ ቀድሞ ነበርና።

አቅራቢ 2፦ ይኸው ፍትሕ! እኛም በየቡድኑ ውስጥ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘውን እናወዳድር። ያኔ ጎበዙ ደካማውን ጥሎ አይሄድም። ደንቡም ውድድሩ ሳይጀመር ለሁሉም ይነገር።