ማራገቢያው ሲሽከረከር ማን ይጽፋል?

ኮምፒውተር ሲሞቅ ማራገቢያውን ከሚያዙት አንዱ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ስርዓተ ክወና ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይወስናል። የገጠመውንም በከርነሉ፣ ማለትም በስርዓቱ እምብርት፣ መዝገብ ላይ መጻፍ ይችላል፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሙቀት መለኪያው በየሰከንዱ ይነበባል እንበል። ንባብ በከሸፈ ቁጥር “ስህተት!” የሚል ድራይቨር በአንድ ቀን እስከ 86400 መስመር ይጽፋል፤ እውነተኛው አደጋ እዚያ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነት ድራይቨሮች የወጣው የሊኑክስ መመሪያ ታዲያ፣ ደግ አድርጎ፣ በሥራ መሀል አንድ ነገር ስለከሸፈ ብቻ መዝገብ ላይ አትጻፍ፤ የስህተት ኮዱን ለጠየቀህ ፕሮግራም መልስ ይላል። መዝገቡ ላይ የሚጻፉት መልእክቶች ከ0፣ ከእጅግ አስጊው፣ እስከ 7 የሚደርስ ደረጃ አላቸው። ኮድ የምትገመግሙ አድማጮች፣ “ይህን ያነበበ ሰው ምን ያደርግበታል?” ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ መስመሩን ሰርዙት።