ከቆርቆሮው በታች፣ ከኮርኒሱ በላይ

(ለሰበካ ጉባኤያት የግንባታ ኮሚቴዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ መሠረትና ስለ ግንብ እንድናገር ትጠብቁ ይሆናል። ዛሬ የምናገረው ግን ማንም ቀና ብሎ ስለማያየው ባዶ ቦታ ነው። በሐምሌ በረዶ ሲወርድ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ ሰባኪ ዝናቡ እስኪያባራ አፉን ዘግቶ ይቆማል። በኅዳር ሌሊት የአብነት ተማሪው ደበሎውን ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ ያድራል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ያው ክፍል እንደ ምድጃ ይግላል። ለሦስቱም ችግር መፍትሔው በአብዛኛው ያለው ከቆርቆሮው በታች ከኮርኒሱ በላይ ባለው ክፍተት ነው።

አባቶቻችን ይህን ሳይነገራቸው ያውቁት ነበር። ወፍራም የሳር ክዳን ሙቀትን የሚይዘው ሳሩ በራሱ ልዩ ኃይል ኖሮት አይደለም፤ በአገዳውና በአገዳው መካከል አየር ተይዞ ስለሚቆም ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከላይ የሳር ክዳን፣ ከታች የመላእክት ሥዕል ያለበት የእንጨት ጣሪያ፣ በመካከላቸውም ክፍተት አለ። እኛ ሳሩን አንሥተን ቆርቆሮ ስናለብስ ዝናቡን በተሻለ ከለከልን፤ በውስጡ የነበረውን አየር ግን አብረን ጣልነው። ብረት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከእንጨት ከ300 እጥፍ በላይ ነውና ቆርቆሮ ብቻውን ከሙቀትና ከብርድ አይጋርድም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ ደጋ አጥቢያ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ስንሠራ፣ ጭድ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን ክፍተቱን ሁሉ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ጠቀጠቅነው። ክፍክፉንም ነፋስ እንዳይገባ በጭቃ ደፈንነው። በመስከረም ጨረስን፤ በጥር ኮርኒሱ ጠቁሮ በተማሪዎቹ መኝታ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። የኔታ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ቀድሞ ብርድ ብቻ ነበር፤ አንተ በበጋ ዝናብ ጨመርህበት» አሉኝ። ምእመናን ከአሥራታቸው ያዋጡት ገንዘብ በአራት ወር በሰበሰ።

ውሃው ከሰማይ አልመጣም። ከተማሪዎቹ እስትንፋስ ነበር። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በእስትንፋሱና በላቡ በሰዓት 40 ግራም ያህል እርጥበት ያወጣል። በማኅሌት ሌሊት 300 ሰው ስድስት ሰዓት ቢቆም 72 ሊትር ውሃ ነው፤ ከሦስት ጀሪካን ተኩል በላይ። ይህ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከዙሪያው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛልና፣ እንፋሎቱ ሲነካው ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከቆመ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ የረጠበ ጭድ መጋረዱን ይተዋል። በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሸራ የተሣሉ ሥዕላት ከላይ በኩል መላቀቅ ሲጀምሩም፣ የቆርቆሮውን ቀዳዳ ከመፈለጋችን በፊት ይህን እንጠርጥር።

እንግዲህ በደጋ የንብብሩ ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ኮርኒሱ፤ በላዩ መጋጠሚያው ተደራርቦ በፕላስተር የታሸገ ላስቲክ፣ ይህም የሰው እንፋሎት እንዳያልፍ ነው። ቀጥሎ ሙቀት ተከላካዩ። ባለ 10 ሳንቲ ሜትር አንድ ወፍራም ንጣፍ ከማንጠፍ ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ሁለት ንጣፎችን አንዱን በቁመት ሌላውን በአግድም ማንጠፍ ይሻላል፤ የታችኛውን መጋጠሚያ የላይኛው ይሸፍነዋልና። ተጨቁኖም አይግባ፤ አየሩ ከወጣ የከፈላችሁበት ነገር ወጣ ማለት ነው። ከእርሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተው፤ ነፋስም በክፍክፉ ገብቶ በጣሪያው አናት ይውጣ። መግቢያውና መውጫው የሌሊት ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። (የሌሊት ወፍ ኩስ ክብደት ኮርኒስ ሲያወርድ ያየ ሰው ይህን ምክር አይንቅም።) ማደሪያውን በኋላ የጠገንነው በዚህ መንገድ ነው።

በቆላ ያላችሁ ይህን እንዳለ አትውሰዱ። የእናንተ ጠላት ከጋለው ቆርቆሮ ወደ ታች የሚፈነጥቀው ሙቀት ነውና፣ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ንጣፍ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ታች፣ ወደ ባዶው አየር ይዙር፤ እንዲያ ሲሆን አቧራም አይሸፍነውም። ከኮርኒሱ ጋር አጣብቆ የሚለጥፈው ባለሙያ ግን ገንዘባችሁን በከንቱ ያስወጣችኋል፤ አየር በሌለበት አሉሚኒየም እንደ ማንኛውም ብረት ነው።

ስለ እሳት አጥብቄ አሳስባለሁ። ጧፍ በሚበራበትና ዕጣን በሚታጠንበት ቤት ውስጥ ፎም ርካሽ ነው ብላችሁ አታስገቡ፤ በቶሎ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ደረቅ ልቅ ጭድም ለቤተ መቅደስ አይሆንም። የብርጭቆ ሱፍ ወይም የድንጋይ ሱፍ አይቀጣጠልም፤ የሚያነጥፉት ሰዎች ጓንት ያጥልቁ፣ አፍና አፍንጫቸውንም ይሸፍኑ። አቅም ለሌለው አጥቢያ፣ ለማደሪያና ለአዳራሽ፣ በቀጭን ጭቃ ተለውሶ በደንብ የደረቀ ጭድ አለ፤ እሳትን ከልቅ ጭድ በእጅጉ ይቋቋማል፤ ከባድ ስለሆነ ግን ወራጁና ማገሩ እንደሚችሉት አስቀድሞ ይታይ። የመብራት ሽቦ በየትኛውም ቢሆን በቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ጥንታዊ ለሆነ፣ ሥዕልም ላለበት ቤተ ክርስቲያን የነገርኳችሁን አንዱንም በራሳችሁ አትሥሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሀገረ ስብከታችሁን ይዛችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻም ኮርኒሱን ስታስመቱ ሰው የሚያስገባ ክዳን ይተውለት። በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ይውጣ፤ ንጣፉን በእጁ ይዳስስ። ከረጠበ በዚያው ሳምንት ንገሩን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።