የጋለውን ሶኬት አይተን አንለፍ

(በደምበጫ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና በደምበጫ ዙሪያ ካሉ የገጠር አጥቢያዎች የሥራ ቀናችሁን ትታችሁ ስለ መጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን። በእንዲህ ያለው ጉባኤያችን ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ችግኝና ስለ ቁጠባ መነጋገር ለምደናል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን በየቤታችን ግድግዳ ላይ ስላለ፣ ከመዳፍ ስለማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ስለ ሶኬት።

ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ለዝክር ጠርተውን ሄድን። ጸሎት አድርሰን፣ ጠበል ጸዲቁን ቀምሰን እንደ ተቀመጥን የተቃጠለ ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ መጣ። ከመካከላችን ያልሸተተው አልነበረም። አንዱ «የጧፍ ነው» አለ፤ ሌላው ዝም አለ። እኛም ዝም ካሉት ወገን ነበርን። ለካ በጓዳ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው ኖሯል። ጥቂት ቆይቶ ጩኸት ተሰማ። ስፒናው ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቆ እሳት ይተፋ ጀመር። ልጃቸው የውኃ ጆግ አንሥቶ ሊደፋበት ሲል አንድ አዛውንት እጁን ቀጨም አድርገው ያዙትና «መጀመሪያ ከቆጣሪው አጥፉት!» ብለው ጮኹ። ማጥፊያው ወረደ፤ እሳቱም ግድግዳውን ከማጥቆር አላለፈም። እኒያ አዛውንት ባይኖሩ ኖሮ የዚያ ዝክር መጨረሻ ለቅሶ በሆነ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሰን ስንጠይቃቸው ያው ሶኬት በናስትሮ ተጠምጥሞ፣ ምጣዱም ተሰክቶበት አገኘነው። ለምን ብለን ብንጠይቅ «ካልጋገርሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ? የአዲሱን ገመድ ገንዘብስ ከየት አመጣለሁ?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። የዛሬው ንግግራችን የተወለደው ከዚያ ዝምታችን ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ መታዘዙን አባቶቻችን ታውቃላችሁ። ሰው ወድቆ ቢሞት የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ከዚህ የምንማረው አስቀድሞ ሊታይ የሚችልን አደጋ አለመከላከል ኃላፊነት እንዳለበት ነው። በዘመናችን ቤት ውስጥ ያለው ሰገነት የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ጸሎት እናደርጋለን፤ መከታውንም እንሠራለን። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

አሁን ሶኬት ለምን እንደሚግል እንመልከት። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይፈልጋል። 3,800 ዋት የሚወስደውን ብንወስድ ከ17 አምፔር በላይ ኮረንቲ ይስባል ማለት ነው። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው ቢበዛ 16 አምፔር ነው፤ ከገበያ የምንገዛቸው ብዙ ማከፋፈያዎች ደግሞ 10 አምፔር ብቻ ይችላሉ። ስለዚህ ምጣድን በማከፋፈያ መሰካት ለአንድ አህያ የሁለት አህያ ጭነት እንደ መጫን ነው። በዚያ ላይ የሚያልፈው ኮረንቲ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ቡለኑ የላላ፣ ሽቦው የሳሳ ወይም በእጅ ብቻ ተጠምዝዞ የተቀጠለ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ይከማቻል። በጎረቤታሞች መካከል አንድ ቆጣሪ ተጋርቶ ሁሉም በአንድ ጧት ሲጋግር ጭነቱ በዋናው መስመር ላይ ይደራረባል።

ሙቀቱ እሳት ከመሆኑ በፊት ምልክት ይሰጣል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም የዓሣ የመሰለ ሽታ፣ የሶኬቱ ፊት መጥቈር ወይም ወደ ቡናማ መለወጥ፣ ስፒናው ሲነካ ማቃጠሉ፣ የመንጣጣት ወይም የመንዘር ድምፅ፣ ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ መፍዘዙ፣ ብሬከሩ ደጋግሞ መውረዱ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። ብሬከር የሚወርደው ሊያስቸግረን አይደለም፤ እንደ ጠባቂ ውሻ እየጮኸ ነው። ስለ ጮኸ ውሻውን አንገድልም። ብሬከሩን ከመስመሩ አቅም በላይ በሆነ መለወጥ፣ ወይም በፊውዝ ቦታ ሽቦ ማስገባት ግን ይህንኑ ማድረግ ነው።

ምልክቱን ስናይ ምን እናድርግ?

ነበልባል ከሌለና ሽታ ወይም ሙቀት ብቻ ከሆነ፣ የጋለውን ስፒና ለመንቀል አንቸኩል። በደረቅ እጅ፣ ጫማ አድርገን፣ በመጀመሪያ ብሬከሩን እናውርድ። ከቀዘቀዘ በኋላ ይነቀላል። የጠቈረ ሶኬትና የቀለጠ ስፒና በናስትሮ አይጠገንም፤ ባለሙያ ይለውጠዋል፤ እስከዚያ ድረስ ያ መስመር አይበራም። የጋለው ወይም የሚሸተው ቆጣሪው ራሱ ከሆነ አንነካውም፤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 እንደውላለን።

ነበልባል ከታየ ከሁሉ አስቀድሞ ሕፃናትና አረጋውያን ይውጡ፤ ጎረቤት ይጠራ። ማጥፊያው ጋ ያለ አደጋ መድረስ ከተቻለ ዋናው ይውረድ። ኤሌክትሪኩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ውኃ ፈጽሞ አይደፋም፤ ውኃው ኮረንቲውን ወደ ደፋው ሰው ሊያመጣው ይችላልና። እሳቱ ትንሽ ከሆነ በደረቅ ኬሚካል ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ፣ እርሱም ከሌለ በደረቅ አሸዋ ወይም አፈር ይታፈናል። የእህል ዱቄት ግን አይበተንበት፤ በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት ራሱ ይቀጣጠላል። ጢሱ ከበዛ ወይም እሳቱ ጣሪያ ከነካ ሥራችን አንድ ብቻ ነው፤ በሩን ዘግተን መውጣት። ለሣጥን፣ ለልብስ፣ ለገንዘብ ብሎ ማንም አይመለስ።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ መጎተት ሁለተኛ ሟች መጨመር ነው። አስቀድሞ ምንጩ ይጥፋ። ከምሰሶ የወደቀ ሽቦ ካየን ግን ርቀን ሰው እንዳይቀርብ እንጠብቅ፤ እንጨት ይዘንም አንጠጋው። ኮረንቲ የነካው ሰው «ደኅና ነኝ» ቢልም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የተቃጠለ አካል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ፤ ቅቤ፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ።

እሳቱ ጠፋ ብለን ወዲያው አንተኛ። በጭድ የተቦካው የጭቃ ግድግዳችን፣ የባሕር ዛፍ ማገሩና የጨርቅ ኮርኒሱ ፍም ውስጥ ለውስጥ ሊይዙ ይችላሉ። ሰዓታት ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ይመደብ።

አንድ የእኛን አገር ልማድ ደግሞ አንርሳ። በጋገራ መካከል መብራት ይሄዳል፤ እናት ምጣዱን እንደ ተሰካ ትተው ወደ ገበያ ወይም ወደ እርሻ ይወጣሉ። መብራቱ ሲመለስ ባዶው ምጣድ ሰው በሌለበት ቤት ይግላል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የምንሠራው ሥራ ምጣዱን፣ ካውያውንና ምድጃውን ማጥፋት ይሁን።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ሁላችን ሰምተናል። እሳት በተጠጋጉ ቤቶችና በጠባብ መንገድ መካከል ምን እንደሚያደርግ አይተንበታል። አዲስ አበባ በ939 የሚጠራ የእሳት አደጋ አገልግሎት አላት። በገጠር ቀበሌያችን ግን መኪናው እስኪደርስ ሣር ክዳን አይጠብቅም። የመጀመሪያው ደራሽ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤትን የሚያስተምረው ደግሞ ዐውደ ምሕረቱ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንንም እንመልከት። በምንጣፍ ሥር ያለፈ ገመድ፣ በመጋረጃ የተሸፈነ ሶኬት፣ ለበዓል ተብሎ በችኮላ የተቀጠለ የድምፅ ማጉያ መስመር፣ በዕቃ ቤት ከብራና መጻሕፍት አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ አምፖል፤ እነዚህ በብዙ አጥቢያ አሉ። አባቶቻችን በእጃቸው ጽፈው ያቈዩልን መጽሐፍ አንዴ ከተቃጠለ በገንዘብ አይመለስም።

ዓባይ ጎጃምን እንደ ቀለበት ከብቦ ይወርዳል፤ በእርሱም ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መብራት ባልደረሰባቸው መንደሮቻችን እንዲደርስ ተስፋ እናደርጋለን። ብርሃኑ ሲገባ ጥንቃቄው አብሮት ይግባ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከሚቀጥለው ንግሥ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን፣ የሰንበቴ ቤቱንና የካህናቱን ማረፊያ መስመር በባለሙያ ያስፈትሽ። ሁለተኛው፣ ካህናት የንስሐ ልጆቻችሁን ቤት ስትጎበኙ ጠበል ረጭታችሁ ከመውጣታችሁ በፊት «ምጣዱ የት ነው የሚሰካው? ማጥፊያውስ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው ከባዱ ነው። በምጣድ የሚተዳደሩትን ድኾች «አትጋግሩ» ብለን አንተዋቸው፤ ሰበካ ጉባኤውና እድሩ ተነጋግረው መስመራቸውን ያሠሩላቸው።

ይህ እንደሚቻል ያየነው በእኒያው እናት ቤት ነው። ነገራቸው ለሰበካ ጉባኤው ቀረበ፤ እድሩም ጨመረበት። ባለሙያው ከማከፋፈያ ቦርዱ ለምጣድ ብቻ የሚሆን 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ በራሱ ብሬከር ዘረጋ። ሁለቱ ምጣዶች ዛሬ በየተራ ይጋግራሉ። ማጥፊያው የት እንዳለ ትንሿ ልጃቸው እንኳ ታሳያለች። ወጪው ከአንድ የተዝካር ድግስ ያነሰ ነበር። እኛን እስከ ዛሬ የሚቈጨን ግን ገንዘቡ ሳይሆን ሽታው በአፍንጫችን እያለ ዝም ያልንበት ሰዓት ነው። እናንተ ዝም አትበሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።